ባቡር ያቆማት ከተማ

ድሬዳዋ ከመቆሟ በፊት የሐረር የንግድ በር ጀልዴሳ ነበረች። ከዘይላ ወደብ የተነሣ የግመል ቅፍለት በረሃውን ሲያቋርጥ ሰንብቶ እዚያ ይደርሳል፤ ቀረጡን ይከፍላል፤ ሸክሙን አራግፎ፣ ከብቱን ለውጦ ሽቅብ ወደ ሐረር ይወጣል። አቡጀዲና ብረታ ብረት ወደ ላይ፣ ቡናና ቆዳ፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች። በ1870ዎቹ በዚሁ መንገድ ከተመላለሱት ነጋዴዎች አንዱ ግጥሙን ርግፍ አድርጎ ትቶ ወደ ቡናና ጠመንጃ ንግድ የዞረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነበር። ጀልዴሳ ሰው የሚያድርባት፣ ወሬ የሚገናኝባት፣ ሹም የሚቀመጥባት ስፍራ ነበረች። ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ያለች የገጠር ቀበሌ ናት። ለዚህ ያበቃት ጦርም ወረርሽኝም አይደለም። አንድ ጣቢያ ነው።

ጣቢያው የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጣቢያ ነው፤ በአገሬው አጠራር ለገሃር። ስሙን «ጣቢያ» እንበለው እንጂ በዘመኑ የከተማዋ ትልቁ የንግድ ቤት እርሱ ነበር። ዕቃ የሚወርደው፣ የሚመዘነው፣ የሚቀረጠውና የሚከማቸው በዚያው ዙሪያ ነው። ከድሬዳዋ ነጋዴዎች በየትኛውም ዘመን ሀብት ያፈራ ሰው ቢኖር፣ ሀብቱ በአንድ በኩል በዚህ ግቢ አልፏል ማለት ይቻላል። የከተማዋን ታሪክ ለመተረክ ከዚህ የተሻለ ደጃፍ የለም። (በዚህ ትረካ ያለው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ሐረር ሊደርስ ተነሥቶ

ነገሩ የተጀመረው በንጉሥና በመሐንዲስ መካከል ነው። የስዊሱ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ሸዋ ገብቶ የምኒልክ የቅርብ ሰው ሆኖ ነበር። ድልድይ የሠራላቸው፣ ከአውሮፓ ጋር ያጻጻፋቸው፣ በኋላም የውጭ ጉዳይ አማካሪያቸው የሆነው እርሱ ነው። ከባሕር እስከ መናገሻው ባቡር ይዘርጋ የሚለውን ሐሳብ ደጋግሞ አቀረበ። መጋቢት 1 ቀን 1886 አፄ ምኒልክ ለኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ከእርሱ ጋር የቆመው በአገሩ ሰው አፍ «ሙሴ ሸፍኔ» የተባለው ፈረንሳዊ ነጋዴ ሊዮን ሸፍኔ ነበር።

ፈቃዱ መንገዱን በሦስት ከፍሎታል። መጀመሪያ ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ በመጨረሻም ከእንጦጦ ወደ ከፋና ወደ ነጭ ዓባይ። ልብ ብሎ ለሚያነብ ሰው «ድሬዳዋ» የሚል ቃል የትም የለበትም። የመጀመሪያው ማረፊያ ሐረር ነው ተብሎ ተጽፏል። ሐረር ደግሞ ግንብ ያላት፣ የራሷን ገንዘብ የመታች፣ ለዘመናት የንግድና የእስልምና ትምህርት ማዕከል የነበረች ጥንታዊ ከተማ ናት። ባቡር የሚመጣ ከሆነ ወደ እርሷ መምጣቱን የተጠራጠረ አልነበረም።

ኩባንያው በ1888 ፓሪስ ላይ ተቋቋመ፤ ይኸውም የአድዋ ድል በተገኘበት ዓመት ነው። ሥራው በ1890 መጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሣ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነው። ጠባብ ሐዲድ ዋጋው ይቀንሳል፤ በገደልና በሸለቆ ጠማማ ቦታም ይታጠፋል። እንዲያም ሆኖ በረሃው ቀላል አልሆነም። ውኃ ከሩቅ መጫን ነበረበት፤ ጅቡቲ ላይ እንደ ሆልሆል ያሉትን ገደሎች በብረት ድልድይ መሻገር ግድ ሆነ። መንገዱ መሬታቸውን ሰንጥቆ፣ የግመል ኪራያቸውን ነጥቆ ሲያልፍ ያዩት የኢሳ ጎሳዎችም ዝም ብለው አልተመለከቱም፤ ከሠራተኛው ጋር ደም ተፋሰሱ። ግመል አከራይቶ የሚኖር ሰው ሐዲድ ሲዘረጋ ምን እንደሚቀርበት ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም።

ሐዲዱ እየገፋ ሲመጣ ጥያቄው ዳገቱ ሆነ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች። ሜዳው ደግሞ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። በመካከሉ ያለው ርቀት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ነው። ይህንን ሁሉ ከፍታ ባቡር ይወጣ ቢባል ዋሻና ድልድይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘብ አልነበረም። ከተራራው ግርጌ ሜዳ ሜዳውን ይዞ ወደ አዋሽ መቀጠል ግን ይቻላል። ስለዚህ ሐረር ሽቅብ እንደታየች ቀረች፤ ሐዲዱ ከሥሯ ታጥፎ አለፈ። ታላቂቱ ከተማ በአንድ የሒሳብ መዝገብ ምክንያት ባቡር ሳይደርሳት ቀረ።

ባቡሩ የቆመበት ቦታ ደቻቱ የሚባል የአሸዋ ወንዝ ያለበት፣ የኦሮሞና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ከብት የሚያሰማሩበት ሜዳ ነበር። ስሙን ሁለቱም ሕዝቦች በየቋንቋቸው ይፈቱታል፤ ኦሮሞው «ድሬ ዳዋ» ይላል፣ ሶማሌው «ድር ዳባ» ይላል። ታኅሣሥ 15 ቀን 1895 የመጀመሪያው ባቡር ከጅቡቲ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚህ ደረሰ። ምኒልክ ለቦታው «አዲስ ሐረር» የሚል ስም አወጡ። ስሙ በወረቀት ላይ ቀረ፤ ሰው ግን ድሬዳዋ ማለቱን አልተወም።

ንጉሡ የተቆጡበት ጣቢያ

የጣቢያው ምረቃ ግን ደስታ የሞላው አልነበረም። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን እየገዙ ገቡ። ፈረንሳይ ይህን ስታይ ደነገጠች፤ በጥር 1894 መንግሥቷ ከኩባንያው ጋር ውል ፈርሞ በገንዘብ ድጎማ ስም መንገዱን በእጁ አስገባ። ለምኒልክ የነገራቸው አንድም ሰው አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የሰጡት ለኩባንያ ነው፤ በራሳቸው ምድር የሚያልፍ መንገድ የሌላ መንግሥት ንብረት እንዲሆን አልነበረም። በምረቃው አልተገኙም። ከድሬዳዋ ወዲያ ሐዲድ እንዳይዘረጋም ከለከሉ።

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው በዚህ ክልከላ ነው። ባቡሩ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ እዚህ የሚቀረው ውኃ የሚሞላበት፣ ከሰል የሚጫንበት አንድ ትንሽ ፌርማታ ነበር። ክርክሩ ግን ዓመታት ፈጀ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በ1899 ኢትዮጵያን በየፊናቸው የጥቅም ቀጠና ከፋፍለው ሲዋዋሉ ባቡሩም አንዱ የውላቸው ጉዳይ ነበር። ኩባንያው በ1899 ከሰረ። በጥር 1900 ምኒልክ አዲስ ፈቃድ ሲሰጡ ስሙ የገባው የጉዋደሉፕ ተወላጅ የሆነው ሐኪማቸው ዶክተር ቪታልየን ነው። በዚያው ዓመት የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተመሠረተ፤ ሥራውም ከሰባት ዓመት ገደማ ዕረፍት በኋላ እንደገና ተጀመረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው።

ከታኅሣሥ 1895 እስከ 1909 ድረስ ከ14 ዓመት በላይ ነው። በነዚህ ዓመታት ብዙውን ጊዜ ከባሕር ለመጣ ዕቃ የሐዲዱ ጫፍ፣ ከደጋ ለወረደ ቡና ደግሞ የቅፍለቱ መድረሻ ድሬዳዋ ናት። ግመሉና በቅሎው ከአንድ ወገን፣ ፉርጎው ከሌላው ወገን መጥተው እዚህ ይገናኛሉ። በሁለቱ መካከል ዕቃውን የሚያወርድ፣ የሚቆጥር፣ የሚያከማች፣ የሚያበድር፣ የሚያስተረጉም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ነው ከተማ የሚሠራው። ጀልዴሳ ይህን ሥራ በግመል ዘመን ትሠራው ነበር፤ ድሬዳዋ በባቡር ፍጥነት ተረከበችው።

ሁለቱ ዳርቻዎች

ኩባንያው ጣቢያውን ብቻ ሠርቶ አልተቀመጠም። ከጣቢያው ጎን የጥገና ወርክሾፑን፣ የሎኮሞቲቭ ማደሪያውን፣ መጋዘኑንና የሠራተኛ መኖሪያውን አቆመ። ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀየሱ፤ ዛፍ ተተከለባቸው፤ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ወጣ። አዲስ አበባ በኮረብታ ላይ በየመኳንንቱ ሰፈር ተበታትና ስታድግ፣ ከዚራ ግን በመሐንዲስ ማስመሪያ ተሰመረ። ዛሬም በቀትር ፀሐይ ከዚራ የሚሄድ ሰው ዛፍ ከዛፍ ተቀባብሎ ጥላ የሚያደርስለት በዚያ ምክንያት ነው።

ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ ያለ መስመር አደገች። ጠባብ መንገድ፣ መስጊድ፣ ሱቅ በሱቅ ላይ የተደገፈ፣ መካከሉም ቀፊራ ገበያ። ወንዙ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ገበያም ይቆምበታል። በከዚራ ኩባንያው ኖረ፤ በመጋላ ንግዱ ኖረ። ሆኖም መጋላ የምትሸጠው ከጣቢያው የወጣውን ነው፣ ጣቢያው የሚጭነውም መጋላ የሰበሰበችውን ነው።

ነጋዴው ከየአቅጣጫው መጣ። ግሪክና አርመን፣ ከየመን የመጡ ዐረቦች፣ ከጉጃራት የመጡ ሕንዶች፣ ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች፣ ከተራራው ላይ የወረዱ አደሬዎች፣ ኦሮሞና ሶማሌ፣ ከሸዋ የመጣ አማራና ጉራጌ። የሕንዱ መሐመድ አሊ ኩባንያ ንግዱን በሰፊው ዘረጋ። መቀመጫውን ዐደን ያደረገው ፈረንሳዊው አንቶናን ቤስም በቆዳና በቡና ንግድ እጁን እስከዚህ አደረሰ። በ1898 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ናት። ባንክ ገንዘብ በሌለበት አይሄድም።

ከሁሉ ረቂቁ ግን ጣቢያው በአንደበት ላይ የተወው ነው። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። መዝገቡ፣ ቴሌግራሙ፣ የደመወዝ ወረቀቱ፣ የመለዋወጫው ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው። ማንበብና መጻፍ በሌላ ቋንቋ ያልተማረ ብሎን ፈቺ ብሎኑን በፈረንሳይኛ ይጠራል። «ላ ጋር»፣ ማለትም ጣቢያው፣ በሕዝብ አፍ «ለገሃር» ሆነ፤ በአዲስ አበባም እንዲሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የድሬዳዋ የባቡር ጡረተኞች እንግዳ ሲያዩ በፈረንሳይኛ ሰላምታ ይሰጡ ነበር። ጠቅላላ አገሪቱን ያልገዛ ቋንቋ በአንድ ግቢ ውስጥ መቶ ዓመት ኖረ።

በሌሊት የማይሄድ ባቡር

ሐዲዱ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ድሬዳዋ ጫፍ መሆኗ አበቃ። ጠቅላላው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ጀልዴሳን የገጠማት በዚህ ጊዜ ለድሬዳዋ ሊደርሳት ይችል ነበር። ያዳናት ጨለማ ነው። ባቡሩ በዚያ ዘመን ሌሊት አይጓዝም። ከጅቡቲ ጠዋት የተነሣ ሰው ማታ ድሬዳዋ ያድራል፤ በማግሥቱ አዋሽ ያድራል፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባል። ሚኒስትርም ቢሆን፣ ነጋዴም ቢሆን፣ የውጭ አገር አምባሳደርም ቢሆን እዚህ ያድራል። ስለዚህ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ መጠጥ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ፎቶ አንሺ ሁሉ በጣቢያው ዙሪያ እንጀራ አገኘ።

የወርክሾፑ ነገርም አለ። ሎኮሞቲቭ ሲበላሽ ወደ ፈረንሳይ አይላክም። የመንገዱ ትልቁ የጥገና ቦታ የነበረው ድሬዳዋ ነው። ብረት የሚቀልጠው፣ ጎማው የሚቀረጸው፣ የጎደለው መለዋወጫ የሚሠራው እዚህ ነው። እጁ ዘይት የነካ፣ ብረት አንብቦ የሚገባው ትውልድ ከዚህ ወርክሾፕ ወጣ። በኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበር ታሪክ ሲነገር የባቡር ሠራተኞች ከቀደምቶቹ ተርታ የሚጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በወር ደመወዝ የሚኖር፣ በፉጨት ሰዓት የሚገባና የሚወጣ፣ በአንድ ግቢ የሚውል ብዙ ሰው በአገሪቱ ገና ብርቅ ነበር።

ራስ ተፈሪ በ1916 ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በዚህ መንገድ አለፉ። በጥቅምት 1923 ዘውድ ሲጭኑ ከየአገሩ የመጡት ልዑካን የመጡት በዚሁ ባቡር ነው። ከዚያ ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሐዲድ ተመልሰው ወረዱ። ማይጨው ላይ ጦራቸው ከተሸነፈ በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ሊነጋ ሲል አዲስ አበባን ለቀው በድሬዳዋ አልፈው ጅቡቲ ገቡ። ያን ቀን ጣቢያው ያስተናገደው ዕቃ አገር ነበር።

ከቀናት በኋላ ጣሊያኖች መጡ። የግራዚያኒ ጦር በደቡብ በኩል ሐረርን ይዞ ወረደ፤ ከአዲስ አበባ የተነሣው የባዶሊዮ ጦር ደግሞ በባቡር መጣ። ግንቦት 1 ቀን ሁለቱ ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። ወራሪው ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ መሆኗ ስላልጣመው ከአሰብ ወደ ደሴ መንገድ መሥራት ያዘ። ለድሬዳዋ ግን ሁለት ነገር ጥሎላት ሄደ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ሁለቱም የቆሙት ሐዲዱ ስላለ ነው። «ሊቶሪና» የሚባለው ፈጣኑ የመንገደኛ ባቡርም ስሙን ያመጣው በዚያ ዘመን ነው።

መጋቢት 20 ቀን 1933 የእንግሊዝ ጦር ድሬዳዋ ገባ። አዲስ አበባ ላይ ባንዲራ በተሰቀለ ጊዜ ነፃነቱ ለድሬዳዋ ሙሉ አልሆነም። በጥር 1934 በተፈረመው ውል ባቡሩም ከተማዋም በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆዩ። በታኅሣሥ 1937 በተፈረመው ሁለተኛው ውል ነው የተለቀቁት። ጣቢያው በ1938 ለፈረንሳዩ ኩባንያ ተመለሰ። በአሥር ዓመት ውስጥ በበሩ ላይ የተሰቀለው ሰንደቅ ስንት ጊዜ እንደተቀያየረ የቆጠረ ሠራተኛ ሳይኖር አይቀርም፤ ደመወዙ ግን የሚሠራው ያው በፈረንሳይኛ በተጻፈው መዝገብ ነበር።

የንግዱ ንግሥት ዘመን

ከዚያ በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት የጣቢያው የጥጋብ ዘመን ናቸው። በ1940ዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለናፍጣ ቦታውን ለቀቀ። በ1952 የኢትዮጵያና የፈረንሳይ መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ ባለቤትነቱም እኩል ለእኩል ሆነ። ምኒልክ በ1895 የተቆጡበት ነገር በ57ኛው ዓመት ግማሽ መልስ አገኘ።

በዚህ ዘመን ድሬዳዋን ያየ ሰው ሲያወራ ኮንትሮባንድን ሳይነካ አይቀርም። ጅቡቲ ነፃ ወደብ ናት፤ ድሬዳዋ የመጀመሪያዋ ትልቅ የአገር ውስጥ ከተማ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሐዲዱን ያህል ረጅም ነው። ሴቶች የበዙበት ነጋዴ በባቡር ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሰዓት፣ ራዲዮ፣ ሲጋራ ይዞ ይወጣል። ፍተሻ ያለው ጣቢያው ላይ ነው። ስለዚህ ጥበቡ ጣቢያው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ ጥቅል በመስኮት ይወረወራል፤ ውጭ የሚጠብቅ ዘመድ ያነሣል። ከሰውነት ላይ ሰባት ልብስ ደርቦ በዚያ ሙቀት የሚወርድ መንገደኛም ነበር። ተቆጣጣሪውም ያውቃል፣ ነጋዴዋም ማወቁን ታውቃለች፤ ድሬ ላይ ይህ ጨዋታ እንደ ዕለት እንጀራ ተቆጠረ።

ይህ ንግድ የከተማዋን ጠባይ ሠርቷል። የድሬ ልጅ ባዕድ አያስደንቀውም፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አደርኛ አደባልቆ «አቦ» ብሎ ይዘጋዋል። የተደበቀ ነገር ከማግበስበስ የተገለጠ ወዳጅነት ይመርጣል፤ ገንዘብ ይመጣል፣ ይሄዳል ባይ ነው። ከቀትር በኋላ ሱቁን ዘግቶ፣ ጥላ ፈልጎ፣ ፀሐይ ሲበርድ ይመለሳል። ማታ በቀፊራና በታይዋን ገበያ መብራት ሲበራ፣ ሙሸበክና ሳምቡሳው ሲጠበስ፣ የቀኑ ሁለተኛ ንግድ ይጀመራል። ይህ ሁሉ የባቡር ሰዓት ቅጂ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መንገዱ ሲዘጋ

መጀመሪያ የተመታው ሩቅ ቦታ ነው። በ1959 የስዊዝ ቦይ በጦርነት ሲዘጋ ጅቡቲ ላይ የሚያልፈው መርከብ ቀነሰ፤ ስምንት ዓመት ቦይ ሳይከፈት ቆየ። በአገር ውስጥም የአሰብ መንገድና የጭነት መኪና ፉክክር ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በ1967 ትላልቅ የንግድ ድርጅቶችና ትርፍ ቤቶች በመንግሥት ተወረሱ፤ ከትውልድ በላይ ድሬዳዋ የኖሩ ብዙ የውጭ ተወላጆች ሱቃቸውን አስረክበው ወጡ። ከዚራ ላይ ስሙ በላቲን ፊደል የተጻፈ ሱቅ ባለቤቱ ሌላ ሆነ።

በ1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። የሐዲዱ ድልድዮች ፈንድተው መስመሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ቆመ። በነሐሴ ወር ጦሩ ድሬዳዋ ደጃፍ ደርሶ ታንክና አየር ኃይል በከተማዋ አቅራቢያ ተፋለሙ፤ ከተማዋ ግን አልተያዘችም። በዚያው ዓመት ሰኔ ጅቡቲ ነፃ አገር ሆና ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ መስመሩ ተጠግኖ ተከፈተ። በ1973 በተደረገ ስምምነት ድርጅቱ የጅቡቲ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ተባለ፤ ጣቢያው ላይ የተጻፈው ስም በፈረንሳይኛና በአማርኛ ሆኖ ቆየ።

ሐዲዱ ግን አርጅቶ ነበር። በጥር 1977 ከአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር ኩርባ ላይ ከድልድይ ወድቆ 428 ሰው አለቀ፤ በአፍሪካ ምድር ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ የከፋው ተብሎ የሚጠቀስ ነው። ከ1990 በኋላ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ንግድ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ ለሦስት ትውልድ የጠበቀው ዕድል ነበር፤ ሲመጣለት ግን አቅም አልነበረውም። ዕቃውን የጫነው በአስፋልት ላይ የተሰለፈው መኪና ሆነ። በ1998 ሐምሌ 30 ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ ከተማዋ በአንድ ሌሊት የወንዙን ሌላ ፊት አየች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ቆመ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም እየተቆራረጠ ሄደ።

ደጃፉ ዝም ያለ ቤት

ዛሬ ለገሃር ደጃፍ ላይ ባጃጅ ይሰለፋል። ግቢው ውስጥ የዛጉ ሎኮሞቲቮች በሐዲዳቸው ላይ ቆመዋል። በወርክሾፑ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት የመጡ የብረት መቅረጫዎች አሉ፤ ሎኮሞቲቭ አዙሮ የሚመልሰው ክብ ሰሌዳም አለ። ግቢውን እንግዳ ሲጎበኝ የሚያስጎበኙት የድሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ስለ አንድ ቧንቧ ሲናገሩ እንደ ዘመድ በስም ይጠሩታል።

ባቡር ግን ከድሬዳዋ አልጠፋም። መስከረም 25 ቀን 2009 ቻይናውያን ኩባንያዎች የሠሩት አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገድ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱ በ2010 ጀመረ። ሐዲዱ እንደ ድሮው አንድ ሜትር ሳይሆን 1.435 ሜትር ስፋት አለው። ከአሮጌው ጋር አይገጥምም፤ አሮጌው ፉርጎ በአዲሱ ላይ ሊሄድ አይችልም። የድሬዳዋ አዲስ ጣቢያም ከተማ መካከል አልተሠራም። ከከተማው ውጭ፣ ሜዳ ላይ ነው የቆመው። መንገደኛው ወርዶ በታክሲ ነው ወደ ከተማ የሚገባው። በነሐሴ 2014 በአገሪቱ የመጀመሪያው ነፃ የንግድ ቀጠና ድሬዳዋ ላይ ተከፈተ፤ ጅቡቲና ድሬ መካከል ለመቶ ዓመት ጥቅል በመስኮት ሲወረወርበት የኖረው ንግድ በሕግ ቤት አገኘ።

አዲሱን ጣቢያ ሜዳ ላይ ያየ የድሬ ሰው «ባቡር ከተማን ትቶ ሄደ» ብሎ ሊያዝን ይችላል። ታሪኩን ከመጀመሪያው ለተከተለ ሰው ግን ነገሩ አዲስ አይደለም። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ የቆመበት ቦታም ከተማ አልነበረም። ታላቂቱ ሐረር ላይ ሽቅብ ትታይ ነበር፤ የገበያው ጀልዴሳ ከኋላ ቀርታ ነበር፤ ሐዲዱ የተጠናቀቀው የከብት ግጦሽ ላይ ነው። ጀልዴሳ የግመሎቹ ነበረች፤ ግመሎቹ ሲዞሩ አብራ ዞረች። ድሬዳዋ ደግሞ የባቡሩ ናት ተብሎ መቶ ዓመት ተነገረላት፤ ባቡሩ ለዓመታት ሲቆም ግን አብራ አልቆመችም። ደጃፉ ዝም ባለበት ጊዜ ሁሉ ከቀፊራ የሚነሣው ጩኸት አልቀነሰም። ለገሃር ለከተማዋ የሰጣት ዋናው ዕቃ ከፉርጎ የወረደው አልነበረም፤ ሊያወርደው የመጣው ሰው ነበር። እርሱ ደግሞ ወርዶ ቀረ።